ለውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር እና ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፦ በገጠር ሶላር ጨረታ ላይ ስለ ኮንቨርተር አንድ ገጽ ጨምሩ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዋናው የመብራት መስመር ርቀው ለሚገኙ መንደሮች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ሶላር ስታስገዙ በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ኮንቨርተሩ (በፓኔሉ፣ በባትሪውና በዕቃው መካከል ሆኖ ኃይሉን ስለሚቀይረው ሳጥን) ራሱን የቻለ አንድ ገጽ ይግባ። ለትንንሽ መንደሮች ደግሞ ከፓኔል እስከ አምፖል በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ፣ ባትሪ በሚሰጠው ዓይነት ኤሌክትሪክ) የሚሠራ ማይክሮግሪድ፣ ማለትም የመንደሩ የራሱ ትንሽ የመብራት መረብ፣ እንደ አንድ አማራጭ ይፈቀድ። ጥያቄዬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንደምጠይቅ ነው።

ሥራዬ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። የተቃጠለ ኢንቨርተር ይመጣልኛል፣ አልሞላ ያለ ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪ አሞላል ተቆጣጣሪ) ይመጣልኛል፣ የቆመ ሬክቲፋየር (ኤሲን፣ ማለትም አቅጣጫው የሚለዋወጠውን የመስመር ኤሌክትሪክ፣ ወደ ዲሲ የሚቀይር) ይመጣልኛል። ፓኔል ተሸክሞ የመጣ ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ፓኔል የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ አቧራውን ከጠረጉለት ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። ባትሪውም ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነና በአግባቡ ከተያዘ ዓመታት ይቆያል። ቀድሞ የሚሞተው በመሀል ያለው ሳጥን ነው። ኮንቨርተር የምለውም ይህንን ሳጥን ነው፤ ቮልቴጅ የሚያወርደውን፣ ከፍ የሚያደርገውን፣ ባትሪ የሚሞላውን፣ ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይረውን ኢንቨርተርም ጭምር።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ጣራው ላይ ፓኔሎች ተደርድረዋል፣ ባትሪዎቹ በሥርዓት ክፍል ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል፣ የማዋለጃ ክፍሉ ግን ለወራት ጨለማ ነበር። ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ አዋላጅዋ የምትሠራው አስታማሚ በሚያበራላት የስልክ መብራት ነው። ሄጄ በመልቲሜትር ስለካው ፓኔሉ ይሠራል። ባትሪው ከ51 ቮልት በላይ ያሳያል። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አውርጄ ሌላ ቦታ ስሞክራቸው ሁሉም ይበራሉ። የሞተው ኢንቨርተሩ ብቻ ነው።

ክዳኑን ሳነሳ ሁለት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለቅጽበት የሚያከማቹ ክፍሎች) አናታቸው አብጦ፣ ከሥራቸው የወጣው ፈሳሽ ቦርዱን በልቶታል። ከጎናቸው ያሉት ሞስፌቶች (ኃይሉን በፍጥነት የሚያበሩና የሚያጠፉ ክፍሎች) ተሰንጥቀዋል። ካፓሲተሩና ሞስፌቱ መርካቶ ይገኛል። የሚቆጣጠራቸው ቺፕ ግን ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሠራው። አቅራቢው ስልክ አያነሳም። ሞዴሉ ከገበያ ወጥቷል። የዋስትና ወረቀቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ በፋይል ተቀምጦ አለ፣ ለማንም አልጠቀመም።

በዚያው ግቢ ውስጥ የክትባት ፍሪጅ አለ። የራሱ ፓኔል አለው፣ ኢንቨርተር የለውም፣ የሚሞላ ትልቅ ባትሪም የለውም። ኮምፕረሰሩ ከፓኔሉ በሚመጣ ዲሲ በቀጥታ ይሠራል፤ ቀን በረዶ ይሠራል፣ ሌሊቱን በዚያ በረዶ ክትባቱን ያቀዘቅዛል። ጤና ባለሙያዎቹ እንደነገሩኝ ያ ፍሪጅ በእነዚያ ወራት ሁሉ አልቆመም። አንድ ፀሐይ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ዓይነት አቧራ ነው። ልዩነቱ በመሀል ያለው ዕቃ ነበር።

በመጨረሻ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። የኤሲ አምፖሎቹን አውርደን የዲሲ አምፖል ሰቀልን። በባትሪውና በአምፖሎቹ መካከል መዳፍ የማይሞላ ቮልቴጅ አውራጅ ኮንቨርተር ከነፊውዙ አስገባን። ማታውኑ ክፍሉ በራ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ፓኔል የሚሰጠው ዲሲ ነው። ባትሪ የሚያስቀምጠው ዲሲ ነው። ኤልኢዲ አምፖል፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ቴሌቪዥን፣ ራውተር ውስጣቸው የሚሠራው በዲሲ ነው። እኛ ግን መሀል ላይ ኢንቨርተር አስገብተን ወደ 220 ቮልት ኤሲ እንቀይረዋለን፤ ከዚያ የቴሌቪዥኑ ፓወር ሰፕላይ መልሶ ዲሲ ያደርገዋል። ኢንቨርተሩ 90 በመቶ፣ ፓወር ሰፕላዩ 85 በመቶ ብቃት አላቸው ብንል፣ ከባትሪው ከወጣው 100 ዋት ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚደርሰው 76 ዋት ገደማ ነው። ቀሪው 24 ዋት ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሙቀቱም እነዚያኑ ካፓሲተሮች እያበሰለ ነው የሚሄደው። አንድ ጥሩ የዲሲ ኮንቨርተር በመሀል ቢኖር ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በቀላሉ ይደርሳል።

ይባስ ብሎ 90 በመቶ የሚለው ቁጥር በብሮሹር ላይ ያለ ቁጥር ነው፤ ኢንቨርተሩ ደህና ጭነት ሲኖርበት የተለካ። የገጠር ቤት ደግሞ አብዛኛውን ሰዓት ጭነት የለውም። ባለ 3 ኪሎዋት ርካሽ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት 30 ዋትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። 30 ዋት በ24 ሰዓት 720 ዋት ሰዓት ነው። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት አብርቶ፣ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት አይቶ፣ ስልክ ሞልቶ የሚያድር ቤተሰብ በቀን የሚጠቀመው ከ200 ዋት ሰዓት በታች ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ኢንቨርተሩ ቁጭ ብሎ ብቻ የሦስት አባወራ መብራት ይበላል። ይህን ለመሸፈን ተጨማሪ ፓኔልና ተጨማሪ ባትሪ ይገዛል፣ በውጭ ምንዛሪ። ስለዚህ በዚያ አንድ ገጽ ላይ መጀመሪያ እንዲገባ የምፈልገው ይህ ነው፦ አቅራቢው ብቃቱን በሙሉ ጭነት ብቻ ሳይሆን በ5፣ በ10 እና በ20 በመቶ ጭነት ለክቶ ያቅርብ፣ ባዶውን የሚበላውንም በዋት ይጻፍ።

ዲሲ ለኛ አገር እንግዳ ነው የሚል ካለ ደግሞ አልቀበለውም። የሞባይል ማማዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በ48 ቮልት ዲሲ ነው። ከማማው ሥር ያለውን ካቢኔት የከፈተ ያውቀዋል፤ ሬክቲፋየሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ተሰክተዋል፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ ጭነቱን ይይዙታል፣ ቴክኒሻኑ መስመሩን ሳያጠፋ የሞተውን ስቦ ያወጣና አዲስ ይሰካል። ይህን በየገጠሩ እየዞሩ የሚሠሩ ልጆች አሉን። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሄደው በ750 ቮልት ዲሲ ነው። ትልቁ ደግሞ ወላይታ ሶዶ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወደ ኬንያ ሱስዋ የሚሄደው መስመር 500 ኪሎቮልት ዲሲ ነው፣ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ይረዝማል፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል። በሁለቱም ጫፍ ያለው የኮንቨርተር ጣቢያ ነው። ለጎረቤት አገር ኃይል የምንሸጥበት ዘዴ ለሰላሳና ለአርባ አባወራ መንደር ሲሆን ለምን ያስፈራናል?

ስለ ቮልቴጁ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው የቤት ሶላር በአብዛኛው 12 ቮልት ነው። ለአንድ ቤት ይበቃል። ከቤት ወደ ቤት መሳብ ሲጀመር ግን ገመዱ ይበላዋል። 60 ዋት በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ 20 ሜትር ብትወስዱት መሄጃና መመለሻው 40 ሜትር ይሆናል፤ ገመዱ ውስጥ ብቻ ከ7 ዋት በላይ ይቀራል፣ ጫፉ ላይ የሚደርሰውም 10.5 ቮልት ገደማ ነው። ይኸው 60 ዋት በ48 ቮልት ሲሄድ 1.25 አምፔር ብቻ ነው፣ የሚባክነውም ግማሽ ዋት አይሞላም። ቮልቴጁ አራት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ 16 እጥፍ ይቀንሳል። መዳብ በምን ዋጋ እንደሚገባ ደግሞ እናንተ ከኔ የተሻለ ታውቃላችሁ።

48 ቮልት ሌላም ጥቅም አለው። ከ60 ቮልት በታች ስለሆነ በደረቅ ቦታ ለሰው ያለው አደጋ ከ220 ቮልት ጋር አይወዳደርም። የሊቲየም ባትሪው 16 ሴል ተደርድሮ 51.2 ቮልት ይሆናል፣ ሙሉ ሲሆንም 58 ቮልት ገደማ ነው፣ ከመስመሩ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አዲሱ የዩኤስቢ ሲ ደረጃም እስከ 48 ቮልትና እስከ 240 ዋት ይፈቅዳል። ሕንድ ይህን ቀድማ አይታ እ.ኤ.አ. በ2017 ለ48 ቮልት የዲሲ ስርጭት የራሷን ብሔራዊ መመሪያ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊትም በማድራስ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለ ኢንቨርተር የሚሠራ የ48 ቮልት የቤት ሶላር ሠርቶ በራጃስታን በረሃማ መንደሮች አዳርሷል። እኛስ? የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ለመንደር ዲሲ አንድ ቮልቴጅና አንድ ዓይነት ሶኬት ቢወስን፣ አስመጪው የሚያመጣውን ያውቃል፣ ገበሬውም የገዛው ቴሌቪዥን ከጎረቤት መስመር ጋር ይገጥምለታል።

መንደሩ ሰፋ ሲል ግን 48 ቮልት ብቻውን አይበቃም። 1 ኪሎዋት 200 ሜትር ርቀት በ16 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ብትልኩ በ48 ቮልት 20 በመቶው መንገድ ላይ ይቀራል። ይኸው በ380 ቮልት ዲሲ ሲሄድ ብክነቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አሠራር የመንደሩን ግንድ መስመር በ380 ቮልት ወስዶ በየሰፈሩ ኮንቨርተር አስቀምጦ ወደ 48 ማውረድ ነው። 380 ቮልት ላይ ደግሞ ጨዋታ የለም፣ ሰው ይገድላል። እዚያ ላይ ልምድ ያለው ሰውና ትክክለኛ መከላከያ ያስፈልጋል።

መከላከያ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ማንኛውንም የተለመደ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አንስታችሁ ጎኑን አንብቡ። 10 አምፔር በ250 ቮልት ኤሲ ይላል። ከሥሩ ደግሞ 10 አምፔር በ30 ቮልት ዲሲ ይላል። ያው ዕቃ፣ ያው ብረት ነው። በኤሲ 250 የሚችለው በዲሲ 30 ብቻ የሚፈቀድለት ለምንድን ነው? የኛ ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፣ ስለዚህ ማጥፊያው ሲከፈት የሚነሳው ብልጭታ ወዲያው ይጠፋል። ዲሲ ዜሮ አይነካም። ብልጭታው ይቀጥላል፣ ብረቱን ያቀልጣል፣ ፕላስቲኩን ያቃጥላል፣ በሳር ክዳን ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚሆነውን አልናገርም። ገጠር ስሄድ የማየው የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያና ብሬከር የኤሲ ነው፣ በዲሲ መስመር ላይ ተገጥሞ። ጥፋቱ የኤሌክትሪሺያኑ አይመስለኝም፤ የተማረው በኤሲ ነው፣ ሱቁ ያለውም የኤሲ ነው። ሰነዱ በግልጽ «ለዲሲ የተሠራ፣ የዲሲ ቮልቴጁ የተጻፈበት» ካላለ ርካሹ ይመጣል። የዲሲ ብሬከር ዋጋው ከፍ ይላል፣ ይህን አልክድም። እዚህ ላይ መቆጠብ ግን በሰው ሕይወት መቆጠብ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ኮንቨርተሮች አብረው ሲሠሩ የሚፈጠረው ነው። አንድ መንደር ላይ ሦስት ቦታ ፓኔልና ባትሪ አለ እንበል፣ ሦስቱም በየኮንቨርተራቸው አንድ መስመር ላይ ይገባሉ። ሁሉም «እኔ ቋሚ 48 ቮልት እሰጣለሁ» ካሉ ነገር ይበላሻል። ምክንያቱም አንዱ በትንሹም ቢሆን ይበልጣል፣ 48.1 ይሰጣል፤ እሱ ጭነቱን ሁሉ ይይዛል፣ ይሞቃል፣ ራሱን ይዘጋል። ከዚያ ተረኛው። ከዚያ ሁሉም። መፍትሔው ድሩፕ የሚባለው ነው፦ ኮንቨርተሩ ባዶ ሲሆን 50 ቮልት ይሰጣል፣ ጭነቱ እየጨመረ ሲሄድ ቮልቴጁን ቀስ እያለ ያወርዳል፣ ሙሉ ሲሆን 48 ላይ ይደርሳል። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሸክም የበዛበት ጎንበስ ሲል ሌላው ትከሻውን እንደሚሰጠው ማለት ነው። በኮንቨርተሮቹ መካከል የመረጃ ገመድ አያስፈልግም፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። የመስመሩ ቮልቴጅ ራሱ ወሬውን ያደርሳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ፍሪጁ ወይም የውኃ ፓምፑ ለጊዜው እንዲቆም፣ አምፖሉ እንዲቀጥል ማድረግም ይቻላል። ጉድለቱ የገመድ ርዝመት ሲለያይ ክፍፍሉ መዛባቱ ነው፣ እሱም በንድፍ ጊዜ የሚታሰብ ነገር ነው።

ሰዎች የማያዩት ሌላ አደጋ አለ። ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ቤት ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ተራ አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድበት ደብዘዝ ይላል፣ ትንሽ ይወስዳል። ኮንቨርተር ያለበት ዕቃ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ቴሌቪዥኑ 20 ዋት ይፈልጋል፣ ቮልቴጁ ቢወርድም 20 ዋቱን አይተውም፣ ስለዚህ ብዙ አምፔር ይስባል። ብዙ አምፔር ሲስብ መስመሩ ይበልጥ ይወርዳል። እንደገና ይስባል። መስመሩ መዋዠቅ ይጀምራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ ሁሉም በአንዴ ይጠፋል፤ ሰው ባትሪው አለቀ ይላል፣ ባትሪው ግን ሙሉ ነው። ይህን ለመከላከል በመስመሩ ላይ በቂ ካፓሲተር ማስቀመጥና ኮንቨርተሮቹ የዚህ ዓይነት ጭነት ችለው መረጋጋታቸውን ማስፈተሽ ይቻላል። አቅራቢውን መጠየቅ ብቻ ነው። የማይጠየቅ ነገር አይመጣም።

ሙቀት። ካፓሲተር ውስጡ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ ይህ በሙያው የታወቀ ግምታዊ ሕግ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ዓመታት የሚቆየው ሳጥን ሠመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ «25 ዲግሪ ላይ ተፈትኗል» የሚል ወረቀት ለአፋርና ለሶማሌ ክልል አይበቃም። በ45 ዲግሪ አየር ላይ ሙሉ ጭነት ይዞ ይፈተን። ፋን የሌለው ቢሆን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ፋን አቧራውን ስቦ ያስገባል፣ ከዚያ ራሱ ይቆማል። ክረምት ላይ ደግሞ መብረቅ አለ፤ የመብረቅ መከላከያውና የመሬት ገመዱ በሥዕል ሳይሆን በተግባር መኖሩ ይረጋገጥ።

ጥገናው ግን ለኔ ዋናው ነው። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ስሙ የተፋቀ ቺፕ ያለው፣ በጥቁር ሙጫ የተደፈነ ቦርድ አትግዙ። ኮንቨርተሩ እንደ ቴሌኮሙ ሬክቲፋየር ተስቦ የሚወጣ ሞጁል ይሁን። አንድ ትልቅ ከሚሆን ሦስት ወይም አራት ትንንሽ ይሁኑ፤ አንዱ ሲሞት መንደሩ መብራት ይቀንሳል እንጂ አይጨልምም። የሰርኪዩት ሥዕሉና የመለዋወጫ ዝርዝሩ ከርክክብ ጋር አብሮ ይምጣ። ከሚተከሉት ላይ የተወሰነ መቶኛ መለዋወጫ ሞጁል በዞን ደረጃ ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍያም ርክክብ በተፈረመ ዕለት አይለቀቅ፤ ከፊሉ አንድ ሙሉ ክረምትና በጋ እስኪያልፍ ይያዝ።

ሙያተኛውም መዘጋጀት አለበት። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ያየኋቸው የኤሌክትሪክ ሠልጣኞች ስለ ሞተርና ስለ ቤት ሽቦ ዝርጋታ ጥሩ ያውቃሉ። ኮንቨርተር ከፍቶ በኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጁን መለዋወጥ በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በየመንገዱ የምናየው የኤሌክትሪክ መኪና ውስጡ ያለው ይኸው ኮንቨርተር ነው፤ ባትሪውን የሚሞላው፣ ሞተሩን የሚነዳው፣ ቮልቴጁን የሚያወርደው። አንድ ሥልጠና ለሁለቱም ይሆናል። ሥራ ለሚፈልጉ ልጆችም እንጀራ ነው።

አሁን የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። «ወፍጮስ? ምጣድስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 ኪሎዋት በላይ ይፈልጋል፤ በ48 ቮልት ከ70 አምፔር በላይ ነው፣ የማይሆን ነገር ነው። ወፍጮም እንደዚሁ ነው። ወፍጮና ብየዳ ያለበት፣ ገበያ ያለው ትልቅ ቀበሌ ከሆነ የኤሲ ሚኒግሪድ (ሰፋ ያለ የአካባቢ የመብራት መረብ) ይሠራለት፣ ወይም ለወፍጮው ከ380 ቮልቱ ግንድ የራሱ መቀየሪያ ይደረግለት። እኔ የምለው መብራት፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅና ትንሽ ፓምፕ ለሚያስፈልጋቸው ተበታትነው ለሰፈሩ ቤቶች ነው። እነዚህ ደግሞ ብዙ ናቸው።

«መብራት ኃይል ሲደርስ ዲሲው ይጣላል» የሚባለውም አያስኬድም። ዋናው መስመር ሲደርስ በሁለቱ መካከል ወዲያና ወዲህ የሚሠራ አንድ ኮንቨርተር ይገባል፤ ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፣ ሲጠፋ መንደሩ በራሱ ይቀጥላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትርፍ ነው። ከባንግላዴሽ መማር እንችላለን፦ ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት ሶላር ተክለው ዋናው መስመር ሲደርስ ብዙው ሳይሠራ ቀረ። እዚያው አገር ደግሞ ሶልሼር የተባለ ድርጅት የጎረቤታሞችን ሶላር በትንሽ ሳጥን በዲሲ አገናኝቶ፣ የተረፈው ላነሰው እንዲሸጥ አደረገ። የተተከለውን ፓኔል እንደገና የሚያስጠቅመው ያ ሳጥን ኮንቨርተርና ቆጣሪ ነው። እኛም ገጠር ውስጥ በየጣራው የተሰቀለ ትንንሽ ፓኔል አለን፣ ቀን ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ዝም ብሎ የሚባክን።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጪ በሆነ መንገድ መብራት እንዲያገኝ አስቦ ነበር፣ የጊዜ ገደቡም 2025 ነበር። ጊዜው ደርሷል፣ ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። የሚቀጥለው ዕቅድ ሲጻፍ የተተከለ ፓኔል በኪሎዋት መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስንቱ ይበራል የሚለው ይቆጠር።

ይህን ለመጀመር አዲስ በጀት የማይፈልግ አንድ ሥራ አለ። በየወረዳው ቆመው ያሉትን የትምህርት ቤትና የጤና ተቋም ሶላሮች በወረዳ የኢነርጂ ባለሙያዎች አስመዝግቡ። ቅጹ አጭር ይሁን፦ ፓኔሉ ቮልቴጅ ይሰጣል ወይ? ባትሪው ስንት ቮልት ነው? ኢንቨርተሩ ወይም ቻርጅ ኮንትሮለሩ ይሠራል ወይ? ሞዴሉ ምንድን ነው? መቼ ቆመ? አንድ መልቲሜትርና ግማሽ ቀን ይበቃል። ውጤቱን ለሕዝብ አውጡት። የትኛው ሞዴል በየት አካባቢ በስንት ጊዜ እንደሞተ ሲታወቅ የሚቀጥለው ጨረታ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ማንም አይከራከርም። ቅጹን ለማዘጋጀትና የመጡትን የተበላሹ ቦርዶች ከፍቶ ለመመርመር እኔም፣ የማውቃቸው የሙያ ባልደረቦቼም ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን። የጠራችሁን ዕለት እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኃይል ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ